የአደን ሥጋ ሾርባ፦ ከኮምጣጤው በፊት ቢላዋውን ይሳሉ

ጥያቄ፦ «አንድ ወዳጄ በፈቃድ ካደነው አጋዘን ሁለት ኪሎ ያህል ሥጋ ሰጥቶኛል። ከወርችና ከቅልጥም የተቆረጠ ነው፤ አጥንትም አለው፤ እስካሁን በረዶ ሆኖ ተቀምጧል። ባለፈው የሰጠኝን ለሾርባ ስቀቅለው ሥጋው ደርቆ አልታኘክ አለ፤ ሽታው ደግሞ ቤቱን ሞላው። ግማሹ ሰው ኮምጣጤ ውስጥ አሳድረው ይለኛል፤ ግማሹ ወተት ይላል፤ ቅመም አብዛበት ያለኝም አለ። ልጆች ስላሉኝ የበሽታው ነገርም ያሳስበኛል። ብዙ ነገር የማይፈልግ ቀላል ሾርባ እንዴት ልሥራ?»

ምላሽ፦

ወዳጅዎ የሰጠዎት ለሾርባ ከሚሆነው ብልት ነው። ጭቅናውንና ሽንጡን ለራሱ አስቀርቶ ከሆነ አይቀየሙት፤ እነዚያ ፈጠን ብለው የሚጠበሱ ናቸው፣ ድስት ውስጥ ለሰዓታት ቢቆዩ ይበላሻሉ። ወርች፣ ቅልጥምና አንገት ግን እንስሳው በሕይወት ሳለ ሥራ የማይፈቱ ጡንቻዎች ስለሆኑ ኮላጅን የሚባለው አያያዥ ሕብረ ሕዋስ በብዛት አላቸው። በጥሬው የሚያጠነክራቸው ይኸው ኮላጅን ነው። በእርጥብ ሙቀት ውስጥ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሥጋው ይለሰልሳል፣ መረቁም ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ወፈር ያለ ይሆናል። ባለፈው ጊዜ የገጠመዎት ድርቀት ሥጋው መጥፎ ስለነበረ አይመስለኝም። ወይ እሳቱ በዝቷል፣ ወይ ሰዓቱ አንሷል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናሉ።

ሽታውን ላስቀድም። ሰው ሁሉ የሚመክርዎት ሥጋውን በምን እንደሚዘፈዝፉት ነው፤ ስለ ስቡ የነገረዎት ያለ አይመስልም። የዱር ሥጋን ከባድ ጠረን በአብዛኛው የሚሸከመው ስቡ ነው። ጠረን የሚሰጡት ውሕዶች፣ እንስሳው ከበላው ቅጠልና ሣር የመጡትም ሆኑ ሰውነቱ ራሱ የሚሠራቸው፣ አብዛኞቹ የሚሟሙት በስብ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የአጋዘን ስብ ስቴሪክ አሲድ የሚበዛበት ጠጣር ስብ ስለሆነ ትኩስ መረቅ ውስጥ ቀልጦ ይቆይና አፍ ውስጥ ገና ቀዝቀዝ ሲል እንደ ሻማ ሰም ላንቃ ላይ ይጋገራል፤ ጠረኑም አብሮት ይቀመጣል። ለወራት በረዶ ሆኖ የከረመ ሥጋ ከሆነ ደግሞ ስቡ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የቆየ ዘይት ሽታ ያመጣል። ቅዝቃዜ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። የበሬ ወይም የበግ ጮማ ለሾርባ ጣዕም እንደሚሰጥ አውቃለሁ፤ ያንን ልማድ ግን እዚህ ይተዉት።

ስለዚህ ሥጋውን ከበረዶው አውጥተው በጎድጓዳ ሳህን ላይ ወደ ማቀዝቀዣው ታችኛ መደርደሪያ ያውርዱት። ሁለት ኪሎ ለመቅለጥ አንድ ቀን ሙሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ቶሎ እንዲቀልጥ አያድርጉ፤ መሐሉ በረዶ እንደሆነ ላዩ ለባክቴሪያ ይመቻል። ሙሉ በሙሉ ከመቅለጡ በፊት፣ ገና ጠንከር እንዳለ፣ ስለታም ቢላዋ ይያዙ፤ በዚህ ሰዓት ስቡ ደርቆ ስለሚቆም ከሥጋው ለመለየት ቀላል ነው።

የሚያወጡት ይህ ነው። መጀመሪያ ነጩን ስብ በሙሉ፣ ያለ ርኅራኄ። ቀጥሎ በጡንቻው ላይ የተለበጠውን ብርማ ስስ ሽፋን፤ ይህ ሽፋን ኤላስቲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለበትና ቢቀቀል ቢውል አይቀልጥም፣ ሥጋውንም ይጨብጠውና ያኮማትረዋል። የቢላዋውን ጫፍ ከሥሩ አስገብተው ስለቱን ወደ ላይ ወደ ሽፋኑ አዘንብለው ቢገፉት ሥጋ ሳያባክን ይላጣል። የቅልጥሙን ወፍራም ጅማት ግን ተዉት፤ እሱ አብዛኛው ኮላጅን ስለሆነ ይቀልጣል፣ መረቁን የሚያወፍረውም እሱ ነው። ከወርቹ ፊት ለፊት በስብ ውስጥ የተሸሸገ ግራጫ ወይም ቡናማ እንክብል ካገኙ የንፍፊት ዕጢ ነው፤ ሳይቆርጡ ከነስቡ ያንሱት። በሥጋው ላይ የተጣበቀ ጠጉር ካለ አንድ በአንድ ይልቀሙ። አጋዘን በኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ላይ ኃይለኛ ሽታ ያለው ጠጉራም ዕጢ አለው፤ ቆዳው ሲገፈፍ እጅና ቢላዋ ያንን ነክቶ ሥጋውን ከነካ፣ ባለፈው ቤትዎን የሞላው ሽታ ከዚያም መጥቶ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ጥይት ያለፈበትን፣ ደም የረጋበትንና የጠቆረውን ክፍል፣ በዙሪያው ያለውን ደኅና የሚመስል ሥጋ ጭምር አስፍተው ቆርጠው ይጣሉ። ከሁለት ኪሎው ሩብ ያህሉ ቢወጣ አይዘኑ።

ቢላዋ የማያስተካክለውም አለ። እንስሳው ቆስሎ ረጅም መንገድ ከሮጠ ጡንቻው ውስጥ ያለውን የኃይል ክምችት ጨርሶ ይሞታል። በተለመደው ሁኔታ ይህ ክምችት ከሞት በኋላ ወደ ላክቲክ አሲድ ተለውጦ የሥጋውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ወደ 5.5 አካባቢ ያወርደዋል። ክምችቱ ካለቀ ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሥጋ ጥቁር ቀይ፣ ሲነኩት የሚሙለጨለጭና ቶሎ የሚበላሽ ነው። አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው፦ በደንብ በስሎም ሮዝ መልክ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ የዱር ሥጋን ብስለት በቀለም አይለኩ። የሆድ ዕቃው ዘግይቶ የወጣ ወይም ሳይቀዘቅዝ ብዙ ሰዓት የቆየ እንስሳም ምንም ቢደረግለት ጣዕሙ አይመለስም። ቅጠል ቅጠል፣ ብረት ብረት የሚል ጠረን የዱር ሥጋ ጠባይ ነው። የሚያቅር ወይም የበሰበሰ ሽታ፣ አረንጓዴ ቀለም፣ ታጥቦም የማይለቅ ልጋግ ካዩ ግን ለሾርባም ለውሻም አይሆንም፤ ይጣሉት።

አሁን ወደ ኮምጣጤው። ኮምጣጤ በአንድ ሌሊት ወደ ሥጋው የሚገባው በጥቂት ሚሊሜትር ነው። የነካውን የላይ ክፍል ያጠነክረዋል፣ ያመነዥከዋል፣ ግራጫ ያደርገዋል፤ ስብ ውስጥ ያለውን ጠረን ሊያጥበው አይችልም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር በራሱ ሽታ መሸፈን ነው። ወተትም ደሙን ትንሽ ይስባል፤ ይህንን ግን ውሃም ይሠራዋል፣ ወተቱን ልጆቹ ይጠጡት። መዘፍዘፍ ካለብዎት ምርጫዬ ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ነው፦ በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ጨው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት። ደሙን ያወጣል፤ ጨው የገባው የሥጋ ፕሮቲን ደግሞ ሲበስል ውሃውን በተሻለ ይይዛል። ከዚያ ውሃውን ደፍተው ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት። ሲያጸዱት ደኅና ጠረን ካለው ይህንንም መተው ይችላሉ። እኔ ጥሩ ተይዞ የመጣ ሥጋ ሲገኝ አልዘፈዝፍም።

ስለ ቅመሙ ብዙ አልልም። መጥፎ ሽታን በቅመም ለመቅበር የተሞከረበት ሾርባ የሁለቱንም ሽታ ይዞ ይቀርባል።

በሽታን በተመለከተ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎት፦ የዱር ሥጋን ከሚያበስሉባቸው መንገዶች ሁሉ ለጤና ከሚመቹት አንዱ ሾርባ ነው። የዱር እንስሳ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የወፍ ሥጋ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት ይባላል። ሦስት ሰዓት በ90 ዲግሪ የተንተከተከ ሥጋ ይህንን አልፎ ሄዷል፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስም ሆነ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በዚያ ውስጥ አይተርፍም። አደጋው ያለው ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው። ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላዋና መክተፊያ ካሮት እንዳይነካ፤ ጥሬውን መቅመስ ፈጽሞ አይታሰብ። ጥይቱ ሆድ ዕቃ ወግቶ ከሆነ የተነካካውን ክፍል ቆርጠው ይጣሉት፤ በውሃ ማጠብ ቆሻሻውን ወደ ሌላው ያዳርሰዋል።

በረዶ ያደረገውን ሁሉ ይገድላል የሚል እምነት አለ፤ አይገድልም። ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አያጠፋም። ትሪኪኔላ የሚባለው ትል፣ በተለይ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎቹ፣ በዱር አሳማና በድብ ሥጋ ውስጥ በረዶን ተቋቁሞ ይቆያል። ጨውና ጭስም አስተማማኝ አይደሉም፤ የሚታመነው ሙቀት ብቻ ነው።

ሙቀት የማያሸንፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጥይት እርሳስ ነው፤ ልጆች አሉኝ ስላሉ ወደ መጨረሻው ለብቻው እመለስበታለሁ። ሁለተኛው በአጋዘን ወገን ላይ የሚታየው የሚያመነምን በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት በምርምር ጣቢያ በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነበር መጀመሪያ የታወቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ተገኘ። መንስኤው ፕሪዮን የተባለ ቅርጹ የተዛባ ፕሮቲን ስለሆነ ማፍላት አያጠፋውም። እስካሁን ወደ ሰው መተላለፉ የተረጋገጠበት አጋጣሚ የለም፤ ቢሆንም ምርመራው በሽታው እንዳለበት ያሳየ እንስሳ እንዳይበላ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ። ለእርስዎ የሚሆነው ቀላል ጥንቃቄ አንጎል፣ ሕብለ ሰረሰር፣ ዓይን፣ ጣፊያና ንፍፊት ወደ ድስቱ እንዳይገቡ ማድረግ፣ እንስሳው ከመገደሉ በፊት ከስቶና ተንገዳግዶ እንደነበረም ወዳጅዎን መጠየቅ ነው። የወርችና የቅልጥም አጥንት መሆኑ ጥሩ ነው፤ የጀርባ አጥንት ቢሆን ኖሮ ለመረቅ አይጠቀሙበት እልዎት ነበር። ሞቶ የተገኘ እንስሳ ደግሞ በምንም መንገድ አይበላም።

እንግዲህ ድስቱን እንጣድ። ሥጋውን በትንንሹ አይክተፉት። ከአጥንቱ ጋር እንዳለ ወይም እንደ ጡጫ በሚያህል ቁራጭ ይተዉት፤ ትንሽ ቁራጭ ውሃውን ቶሎ ይጨርሳል። የሚከተፈው ከበሰለ በኋላ ነው።

ወፍራም ታች ያለው ድስት አሙቀው ሁለት ማንኪያ ዘይት ያድርጉና ሥጋውን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በሁሉም ጎኑ ቡናማ እስኪሆን ይጥበሱት። ሥጋው ደረቅ፣ ድስቱም ያልተጨናነቀ መሆን አለበት። ቡናማው ቀለምና የጥብሱ ጣዕም የሚመጡት ላዩ 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ እርጥበት እስካለ ድረስ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ ድስቱ ከሞላም ሥጋው በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ታች የያዘውን ቡናማ ነገር እንዳይከስል ጥንቃቄ አድርገው በትንሽ ውሃ እየፋቁ ያንሱት፤ የሾርባው ግማሽ ጣዕም እዚያ ነው። ጠራ ያለ ቀለል ያለ መረቅ ከፈለጉ ይህንን ደረጃ መዝለል ይቻላል። ለአጋዘን ግን መጥበሱን እመርጣለሁ፤ የብረት ብረት የሚለውን ጣዕም ያለዝበዋል።

ከዚያ ሦስት ሊትር ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ይጨምሩ። ቀዝቃዛ የተባለበት ምክንያት አለው። ውሃው ቀስ ብሎ ሲሞቅ ከሥጋው የሚወጣው ፕሮቲን ቀስ ብሎ ይረጋና ተሰብስቦ አረፋ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ በፈላ ውሃ ከጀመሩ ግን በጥቃቅኑ ተበትኖ መረቁን ያደፈርሰዋል። እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ይፍጅ። ግራጫው አረፋ ሲመጣ በጭልፋ እየቀፈፉ ይድፉ፤ አረፋው ነጭና ጥቂት እስኪሆን ድረስ ከድስቱ አይራቁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ እሳትን መቆጣጠር ነው፤ ባለፈው የጠፋዎትም ይህ ይመስለኛል። የጡንቻ ጭረቶች ከ60 ዲግሪ በላይ እየተኮማተሩ ውሃቸውን ይተፋሉ። የከብት ሥጋ በመሐሉ የተሰበጣጠረ ስብ ስላለው ይህንን ድርቀት ይሸፍንለታል። የአጋዘን ቀይ ሥጋ ግን ስቡ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው፤ የሚሸፍንለት የለውም። እየተገላበጠ የሚፈላ ውሃ ጭረቶቹን አኮማትሮ ያደርቃቸዋል፣ የቀረውን ስብም ከመረቁ ጋር ያላውሰዋል። ስለዚህ ድስቱ ውስጥ በሁለት በሦስት ሰከንድ አንድ አረፋ ከጎን ብቅ የሚልበት፣ ላዩ ሳይናወጥ የሚርገበገብበት እሳት ይፈልጉ። ቴርሞሜትር ካለዎት ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ነው። ክዳኑን በከፊል ይክፈቱት፤ ሙሉ በሙሉ ከተከደነ ሳያውቁት ይፈላል።

አንድ ሰዓት ሲሞላው ይቅመሱት። ጎማ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ እሳቱን የሚጨምረው ወይም ድስቱን የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ሰዓት ጭረቱ ተኮማትሮ ጨርሷል፣ ኮላጅኑ ግን ገና መቅለጥ ጀምሯል፤ ሥጋው በሕይወቱ ከሁሉ የከፋበት ሰዓት ነው። ምንም ሳይነኩ ይተዉት። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሹካ ሰክተው ቢጠመዝዙት መሰነጣጠቅ ይጀምራል፤ የሽማግሌ አጋዘን ቅልጥም አራት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። የዱር እንስሳ ዕድሜውን ስለማይናገር ሰዓቱን በእጅ ሰዓትዎ ሳይሆን በሹካዎ ይወስኑ።

የሚኖሩት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ይጨምሩ። በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ በ2400 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለጤና ይህ ምንም አያጎድልም፣ ኮላጅኑ ግን ይዘገያል። የሚነድ ነገር ወይም ጊዜ ካጠረ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ ያደርሰዋል። በእርሱ ሲሠሩ አረፋውን አስቀድመው ቀፈው ይግጠሙት፤ ከበሰለ በኋላም ግፊቱ በራሱ ይብረድ። በድንገት ካስተነፈሱት ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚገነፍል መረቁ ይደፈርሳል፣ ሥጋውም ይደርቃል።

ሥጋው ሲበስል ወዲያውኑ ከመረቁ አያውጡት። እሳቱን አጥፍተው ግማሽ ሰዓት እዚያው ይረፍ፤ ትኩስ ሥጋ ከመረቅ ውጪ እየጨሰ እርጥበቱን ያጣል። ከዚያ አውጥተው ከአጥንቱ ይለዩና በጭረቱ ላይ አቋርጠው በአፍ በሚሞላ መጠን ይቁረጡት። መረቁን በጥቅጥቅ ወንፊት፣ ቢቻል በንጹሕ ቀጭን ጨርቅ፣ ያጥልሉት። ጥይት የሰበረው አጥንት ስንጥር አይታይም፤ የማጥለሉን ነገር እንደ ትርፍ ሥራ አይቁጠሩት።

አትክልቱ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ ሁለት ካሮት፣ አንድ ሁለት ዘንግ ሴለሪ ወይም ባሮ ሽንኩርት፣ ሦስት መካከለኛ ድንች፣ ሦስት ፍንጣቂ ነጭ ሽንኩርት። ከመጀመሪያው ከሥጋው ጋር አይጨምሯቸው፤ ሦስት ሰዓት የፈላ ካሮት ለማንም አይሆንም። የተጠለለውን መረቅ መልሰው ጥደው ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ሴለሪውን፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ድንቹን ይጨምሩ። ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል። የሚያጠግብ ሾርባ ከፈለጉ በድንቹ ፋንታ 100 ግራም የተፈተገ ገብስ ከአትክልቱ ቀደም አድርገው ያስገቡ፤ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የተከተፈው ሥጋ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ፣ ለመሞቅ ብቻ ነው።

ቅመሙ ጥቂት ይሁን፦ አንድ ቀንበጥ ጦስኝ፣ ስምንት አሥር ፍሬ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ቅርንፉድ። ብዙ የአደን ሥጋ አሠራር የጥድ ፍሬ ይጠቅሳል፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሚበላው የአንዳንድ የጥድ ዝርያዎች ፍሬ ብቻ ነው፣ መርዛማ ዝርያም አለ። ለምግብነት ታሽጎ የተሸጠ ካላገኙ ከዛፍ ለቅመው አይጨምሩ። ሎሚ ወይም ቲማቲም ከወደዱ ድንቹ ከበሰለ በኋላ ይግባ፤ አሲድ ውስጥ የገባ ድንች ሲቀቀል ቢውል አይለሰልስም። ጨውም በመጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም መረቁ እየተነነ ይመናመናል፤ ሥጋውን በጨው ውሃ ዘፍዝፈው ከነበረም ከራሱ ጨው ይዞ መጥቷል። ከ8 ግራም በሊትር አይበልጡ፤ ቀምሰው ይጨምሩ።

ስቡን ሁሉ ስላወጣን ሾርባው መጨረሻ ላይ ጎደሎ ሊመስልዎት ይችላል። አንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም ጥሩ ዘይት ጣል ያድርጉበት። የመጥፎው ጠረን መሸከሚያ የነበረው ስብ እንደሆነ ሁሉ የጦስኙንና የነጭ ሽንኩርቱን መዓዛ የሚሸከመውም ስብ ነው፤ ለውጡ የማን ስብ እንደሆነ ላይ ነው።

ጊዜ ካለዎት መረቁን ከአንድ ቀን በፊት ሠርተው ያሳድሩት። ሲቀዘቅዝ ቢላዋዎ ያመለጠው ስብ ከላይ ይረጋል፤ ጠዋት እንደ ክዳን በአንድ ያንሱታል። ከሥሩ ያለው መረቅ ተንቀጥቃጭ ሆኖ ከተገኘ በደንብ ሠርተዋል ማለት ነው። ሲያሳድሩት ግን ትልቁን ድስት ምድጃው ላይ ትተው አይተኙ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሮቹ መፍላትን ይቋቋማሉ፤ ቀስ እያለ በሚበርድ የሥጋ መረቅ ውስጥ ደግሞ በጣም ይፋጠናሉ። ጠፍጠፍ ባሉ ዕቃዎች ይከፋፍሉት ወይም ድስቱን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ያቁሙት። በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ፣ በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት ከ5 ዲግሪ በታች ይውረድ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት አራት ቀን፣ በረዶ አድርገው ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ሲያሞቁት እስኪፈላ ያድርሱት፣ የሚያሞቁትም የሚበሉትን ያህል ብቻ ይሁን።

ሌላ ጊዜ ሌላ ሥጋ ቢደርስዎት አካሄዱ አንድ ነው፣ ጥቂት ልዩነት አለው። የዱር አሳማ ውስጡ በቴርሞሜትር ተረጋግጦ 71 ዲግሪ ማለፍ አለበት፤ ጉበቱ ሄፓታይተስ ኢ የሚባለውን የጉበት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል አደራዎን ጥሬነት አይቅር። የጎለመሰ ወንድ አሳማ ስቡ ውስጥ የሚከማች የራሱ ሽታ አለው፤ እሱን ማንም ማብሰያ አያሸንፈውም። የዱር ጥንቸል ሲገፈፍ ጓንት ይልበሱ፤ ቱላሪሚያ የሚባለው በሽታ በእጅ ቁስል በኩል ይገባል፣ በረዶም አይገድለውም፤ ሲበስል ግን ያልቃል። የዱር ወፎች ደረታቸው ቶሎ፣ እግራቸው ዘግይቶ ይበስላል፤ ደረቱን አስቀድሞ ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ልጆቹና ወደ እርሳሱ። የእርሳስ ጥይት አጥንት ሲመታ በዓይን ወደማይታዩ ፍንጣሪዎች ይበተናል፤ ፍንጣሪዎቹም ከቁስሉ ከስንዝር በላይ ርቀው ሊሄዱ ይችላሉ። አስፍቶ መቁረጥ ይቀንሳቸዋል፣ ጨርሶ አያስወግዳቸውም። ማፍላት አይነካቸውም፤ ኮምጣጤና ሌላ አሲድ ደግሞ እርሳሱን ይበልጥ ያሟሟዋል፤ ኮምጣጤውን የማልወድበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ወርች አዳኝ ልብና ሳንባን ሲያነጣጥር ጥይቱ ብዙ ጊዜ የሚያልፍበት አካባቢ ስለሆነ ከቅልጥሙ ይልቅ ያጠራጥራል። እርሳስ በማደግ ላይ ያለ አንጎልን ይጎዳል፤ የጀርመኑ የፌዴራል የአደጋ ግምገማ ተቋምና የብሪታኒያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና ለማርገዝ ያሰቡ ሴቶች በእርሳስ ጥይት የተገደለ እንስሳ ሥጋ ባይበሉ ይመክራሉ። ስለዚህ ሥጋውን ከማቅለጥዎ በፊት ለወዳጅዎ ደውለው ጥይቱ የምን እንደነበረና የት እንደመታ ይጠይቁት። መዳብ ከሆነ ሾርባው የቤተሰቡ ሁሉ ነው። እርሳስ ከሆነ፣ ወይም ወዳጅዎ የማያስታውስ ከሆነ፣ እርስዎ ይብሉት፤ ለልጆቹ ያንኑ አሠራር በበሬ ቅልጥም ይሥሩላቸው።